የጋሽ ሰይፉ ሌን

እኔ የባስ ሾፌር ነኝ። ሥራዬ ሰዓት መጠበቅ ነው፤ ሰዓት የሚያባክን ሰው ያናድደኛል። ለንደን ውስጥ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ባስ ጠፍቶ ይቆይና ሦስቱ ተከታትለው ከተፍ ሲሉ፣ ተሳፋሪው ሾፌሮቹ ሻይ ሲጠጡ የቆዩ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ፊት ያለው አንዱ ይዘገያል፣ ከኋላ ያሉት ይደርሱበታል፣ ማለፍ ደግሞ አይችሉም። የእሑዱ የውሃ ዋና ቡድናችንም ነገር ልክ እንደዚሁ ነበር። ፊት ያሉት ጋሽ ሰይፉ ነበሩ፤ ከኋላ የተደረደርነው እኛ ነበርን።

አስቀድሜ ቡድኑን ላስተዋውቅ። ኪልበርን አካባቢ ባለ አንድ የካውንስል፣ የሰፈሩ አስተዳደር፣ መዋኛ ገንዳ፣ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ግማሹ ገንዳ የእኛ ነው። አሥራ አራት ሐበሾች ነን። ግማሾቻችን ከቅዳሴ፣ ግማሾቻችን ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ካለች የአማርኛ ጸሎት ቤት እንመጣለን። ስለ ሃይማኖት ከተነሳ እስከ ፋሲካ አንጨርስም፤ ስለዚህ አይነሳም። በገመድ የተለዩ ሦስት ሌኖች፣ ሦስት የመዋኛ መስመሮች፣ ተዘርግተውልናል። አንደኛው ሌን ገና መንሳፈፍ ለለመዱት ነው፤ ሁለተኛው እያረፉ ለሚሄዱት፤ ሦስተኛው ለዋናተኞቹ። አሠልጣኟ እኔ ነኝ፣ ፍቅርተማርያም። ኮርሱን ወስጄ ሰርተፊኬቱን ይዣለሁ። በየሳምንቱ የዕለቱን ልምምድ ካርድ ላይ ጽፌ፣ ላስቲክ ውስጥ ከትቼ፣ በውሃ አርሼ የገንዳው ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

አቅማቸው የተለያየ ሰዎችን ባንድ ሰዓት ማሠራት ቀላል እንዳይመስላችሁ። በርቀት ከተጻፈ ተበላሸ። «ሁለት መቶ ሜትር ዋኙ» ያልኩ እንደሆነ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ የሆነው ጥሩብርሃን በሦስት ደቂቃ ጨርሶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ ሽማግሌዎች በመንከባከብ የምትተዳደረው አልታየሽ ግን መቶውን ሳትደፍን ኑዛዜ ትጀምራለች። ስለዚህ በሰዓት ነው የሚጻፈው። ሁሉም አራት ደቂቃ ይዋኛል፣ አንድ ደቂቃ ያርፋል፣ ይህን አራት ጊዜ ይደግማል። ፈጣኑም ቀርፋፋውም አብሮ ይጀምራል፣ አብሮ ያቆማል፤ የሚለያየው በመሀል የሄደው መንገድ ብቻ ነው። በየሌኑ ፈጣኑ ይቀድማል፣ ሌላው አሥር አሥር ሰከንድ እየቆየ ይከተለዋል። ነገሩ ሁሉ የቆመው ፈጣኑ ይቀድማል በምትለው ላይ ነው፤ እኛም የወደቅነው እዚያችው ላይ ነው።

ጋሽ ሰይፉ፣ ሙሉ ስማቸው ሰይፈሥላሴ፣ የሰባ ስድስት ዓመት ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። ይህንን የእሑድ ሰዓት ከዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት በፊት ከገንዳው አስተዳደር ለምነው ያመጡልን እሳቸው ናቸው። እኔንም ከውሃ ጋር ያስታረቁኝ እሳቸው ናቸው። ያኔ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ሆኜ ውሃው ደረቴ ላይ ሲደርስ እንደ ሕፃን አለቅስ ነበር። እጃቸውን ጀርባዬ ሥር አድርገው «አልለቅሽም» አሉኝ፤ እውነትም ሦስት ወር ሙሉ አልለቀቁኝም። የወለደኝ አባቴ እንኳ እንዲያ አልታገሠኝም።

ከአራት ዓመት በፊት ባለቤታቸው ወይዘሮ እንግዳወርቅ አረፉ። አርባቸው ከወጣ በኋላ ባለው እሑድ ጋሽ ሰይፉ ቦርሳቸውን አንግተው መጡ። ከስተዋል፣ ትከሻቸው ወርዷል። እንደ ወትሯቸው ሦስተኛው ሌን ገብተው ፊት ቀደሙ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁላችንም አየነው፤ ያ ዋና የለም። እጃቸው ይሄዳል፣ ሰውነታቸው አይከተልም። ማንም ለማንም ምንም ሳይል ፍጥነታችንን ቀነስን። አንዱ በደረቱ ዋኘ፣ አንዱ መነጽሬ ላላ ብሎ ቆመ፣ እኔም ራሴ እግሬን አጣምሬ በእጄ ብቻ ዋኘሁ። ከለቅሶ ቤት ወጥቶ ወደ ሰው የመጣን ሰው እንዴት ጥለውት ያልፋሉ? ለአንድ ቀን ብለን ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ያ አንድ ቀን አራት ዓመት ሆነ።

እሳቸው አያውቁም ነበር። ውሃ ሲገቡ የጆሮ መስሚያቸውን አውልቀው ያስቀምጣሉ፤ ዳር ላይ የምንንሾካሾከው አይሰማቸውም። ሲዋኙ ደግሞ ፊታቸው ያለው ባዶ ውሃ ብቻ ነው፤ ከኋላቸው ማን እንደተከማቸ አያዩም። ግድግዳው ጋ ደርሰው ዞር ሲሉ ሁላችንም እያለከለክን ኋላቸው እንደርሳለን። ማለክለኩን ማን እንደጀመረው አላስታውስም፤ ጥሩብርሃን ሳይሆን አይቀርም፤ ከሁሉም አሳምሮ የሚያለከልከው እሱ ነው። «ዛሬ ደከማችሁ፣ ልጆች!» ይሉናል፣ ደስ ብሏቸው። እኛም ዓይን ለዓይን ላለመተያየት መነጽራችንን እናጥባለን።

ጥር ላይ ከገንዳው ማናጀር ደብዳቤ መጣ። አንድ የትራያትሎን፣ የዋና የብስክሌትና የሩጫ፣ ክለብ የእኛን ሰዓት ለመውሰድ አመልክቷል። ማናጀሩም ታዝቦናል፤ ቡድናችሁ ሌኖቹን በአቅም አይጠቀምም፣ በተለይ ሦስተኛው ሌን ላይ ሰዎች ቆመው ይታያሉ ይላል። ከሦስት ሳምንት በኋላ እሑድ መጥቼ ልምምዳችሁን አያለሁ፤ በአቅም የተከፋፈለና የማይቋረጥ ከሆነ ሰዓቱ ለአንድ ዓመት ይታደስላችኋል፣ ካልሆነ ለክለቡ ይሰጣል ይላል። ደብዳቤውን ባስ ጋራዡ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ውሸት ቢጽፍ ኖሮ እናደድ ነበር፤ እውነቱን ስለጻፈ ደግሞ የባሰ ተናደድኩ።

ለሌሎቻችን ሰዓቱ ቢቀር ሞት አይደለም። ጥሩብርሃን የትም ሄዶ ይዋኛል። አልታየሽ ታኮርፍና ትረሳዋለች። ጋሽ ሰይፉ ግን ባተርሲ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አንድ ልጅ አላቸው፣ ማንችስተር። በሳምንት ውስጥ ከቤት የሚወጡት ለቅዳሴና ለዚህች አንድ ሰዓት ነው፤ ቅዳሴውም ቢሆን ከገንዳው ጋር ባንድ ቀን ስለሚገጥምላቸው ነው እንጂ ብቻውን ቢሆን ጉልበታቸው እሺ አይልም ነበር። «ሰኞ ላይ የምነሳው እሑድን አስቤ ነው» ብለውኛል በአንደበታቸው። ሰዓቱ ከጠፋ ያ ሰውዬ እዚያ ፎቅ ላይ ተቀምጠው ቀሩ ማለት ነው። ሰዓቱን ለማትረፍ ደግሞ ማናጀሩ ሲመጣ ሦስተኛው ሌን መሄድ አለበት፤ እሳቸው ፊት እያሉ አይሄድም። ለሳቸው ስል ከሳቸው ጋር ልጣላ ነው እንግዲህ።

በመጀመሪያው እሑድ ሕጉን ለማስተማር ሞከርኩ። ጋሽ ሰይፉ ልብስ እስኪቀይሩ ሦስተኛ ሌኖችን ሰበሰብኳቸው።

«እዚህ አገር ሌን ውስጥ ማለፍ እንዲህ ነው» አልኳቸው። «ፊትህ ያለው ሰው ከዘገየ የእግሩን ጫፍ አንዴ ነካ ታደርጋለህ። እሱ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ጥግ ይይዝልሃል፣ አንተ ታልፋለህ። ስድብ አይደለም። ማንም አይቀየምም።»

ጥሩብርሃን ዓይኑን አፈጠጠ። «ኮች፣ የጋሽ ሰይፉን እግር ከኋላ ልጎንትል?»

«ነካ ነው ያልኩት።»

«ሶሪ፣ አላደርገውም። የአባቴን እግር ከኋላ ነክቼ ዞር በልልኝ ማለት እኮ ነው። ስላሳደጉኝ ሰዎች ምን ይባላል?»

አልታየሽ ከወዲያ ሌን ገመዱ ላይ ተንጠልጥላ ስትሰማ ኖሯል። «እኛ አገር እግር የሚነካው ይቅርታ ሲለመን ነው» አለች። «እኔ በበኩሌ እንዲህ ዓይነት ነገር ያለበት ሴሽን አልገባም።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? አንቺ ሌን ውስጥ ማንም ማንንም አይደርስበትም» አልኳት። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ከአፌ ክፉ ቢወጣም እነሱን መውቀስ አልቻልኩም፤ ራሴስ መቼ ነክቼ አውቃለሁ? አሠልጣኝ ከሆንኩ ሰባት ዓመቴ ነው፤ አራቱን ዓመት እያየሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

በካርዱ ላይ ግን ተራቸውን ቀይሬ ጽፌ ነበር፤ ጥሩብርሃን አንደኛ፣ ጋሽ ሰይፉ አምስተኛ። ጋሽ ሰይፉ ውሃው ውስጥ ሲገቡ ጥሩብርሃን ካርዱን ረስቶ ጥግ ያዘ።

«ጋሼ፣ ይቅደሙ።»

«ኧረ ተው፣ አንተ ቅደም። ወረቀቱ እንዲያ ይላል መሰለኝ።»

«በፍጹም! እርስዎ እያሉ?»

«እኔ እኮ ዛሬ ጉልበቴን...»

«ጋሼ፣ አፈር ስሆን!»

አርባ ሰከንድ በግብዣ አለቀ። በመጨረሻ ጋሽ ሰይፉ ቀደሙ፣ አራቱ ተከተሏቸው፣ እኔም ፊሽካዬን አፌ ላይ አድርጌ ቀረሁ።

በሁለተኛው እሑድ ብልጥ ልሁን አልኩ። ጋሽ ሰይፉን ገና ከመድረሳቸው ጠጋ ብዬ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ከእኔ ጋር ዳር ሆነው የልጆቹን እጅ አጣጣል ይዩልኝ። የእርስዎን ዓይን እፈልገዋለሁ» አልኳቸው።

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ልጄ፣ እኔ ከባተርሲ ሁለት ባስ ቀይሬ የመጣሁት ውሃ ልገባ ነው እንጂ ውሃ ለማየት አይደለም» አሉና ገቡ።

ያን ቀን ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ። ጋሽ ሰይፉ በአራት ደቂቃ ውስጥ ገንዳውን አምስት ጊዜ ሄዱት። ከኋላቸው ያሉት አራቱም አምስት ጊዜ ሄዱት። ጥሩብርሃን ቢለቀቅ ከአሥር በላይ ይሄዳል። ሁለተኛው ሌን ላይ ባደርጋቸውስ ብዬ አሰብኩ፤ እዚያም ያው ነው፣ ማንም አያልፋቸውም፤ የዚያ ሌን ሰዎች እነካሳዬ በደረታቸው እየዋኙ ኋላቸው ይሰለፋሉ። የቀረኝ አንደኛው ሌን ነው። እዚያ ከነአልታየሽ ጋር በእርግጥም ፈጣኑ እሳቸው ናቸው። በእርግጥም ይቀድማሉ፣ ማንም ማስመሰል አያስፈልገውም። ይህን ሳስብ ልቤ ትንሽ ቀለል አለኝ። እንዲያውም መልካም ነገር ያደረግሁ መሰለኝ፤ ሞኝነቴ!

ማናጀሩ በሚመጣበት ቀን ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሥራ እንደወጣሁ ደወልኩላቸው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብዬ፣ ቁርጥ አድርጌ ልነግራቸው ነው። ጉልበታቸውን ጠየቅኳቸው። ደህና ነው አሉ። ልጃቸውን ጠየቅኳቸው። ደህና ነው አሉ። የእኔን የሥራ ሽፍት ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው።

«ያ ማናጀር የሚመጣው ነገ ነው፣ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አይዞሽ። እኔ ፊት ሆኜ ሌኑን አቀናላችኋለሁ። ልጆቹ እኔን ተከትለው ይምጡ ብቻ።»

«እሺ ጋሼ» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ የእሑዱን ካርድ ጻፍኩ፤ አንደኛ ሌን ከሚለው ሥር ስማቸውን አሰፈርኩ። በአፌ መንገር ያቃተኝን ወረቀት እንዲነግርልኝ ነው። እሳቸው ሦስት ወር ጀርባዬን የያዙ ሰው፣ አንዲት ደቂቃ ስልክ ላይ አልታገሥላቸው አልኩ። ከዚህ ታሪክ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

በማግስቱ ማናጀሩ ታብሌቱን ይዞ ዳር ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ሰይፉ ከሁሉም ቀድመው መጡ፤ የባሕር ኃይል ሰው አያረፍድም። ፎጣቸውን አጣጥፈው ካርዱን ሊያነቡ ተጠጉ። መነጽራቸውን አወጡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ መጥተው ኋላቸው ቆሙ።

«ፍቅርተ» አሉኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሰው ፊት ሊያሳፍሩኝ እንዳልፈለጉ ሁሉ። «እዚህ ጋ ተሳስተሻል። ስሜን አንደኛው ሌን ላይ ጽፈሽዋል።»

አልታየሽ ወደ ካርዱ ጠጋ አለች።

«አልተሳሳትኩም፣ ጋሼ» አልኩ።

ካርዱን እንደገና አነበቡት። ከላይ እስከ ታች፣ የማሟሟቂያውን፣ የዕረፍቱን፣ የየሌኑን ስም። እኔ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ቢቆጡኝ ምነው! «እሺ» አሉ ብቻ። የጆሮ መስሚያቸውን አውልቀው ማስቀመጫው ውስጥ ከተቱ፣ ወደ አንደኛው ሌን መሰላል ሄዱ፣ ቀስ ብለው ወረዱ። አልታየሽ ተንሳፋፊ ሰሌዳዋን አቅፋ ጥግ ያዘችላቸው።

ፊሽካውን ነፋሁ።

ጥሩብርሃን ግድግዳውን ገፍቶ ሲወጣ ውሃው ተከፈተለት። አራት ዓመት ያሠለጠንኩት ልጅ እንደዚህ መዋኘቱን አላውቅም ነበር። እጁ ድምፅ የለውም። በየአሥር ሰከንዱ ሌሎቹ ተከተሉት፤ ሦስተኛው ሌን ከአራት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰዓት ሄደ። ሁለተኛውም ሄደ። ማናጀሩ ታብሌቱ ላይ እየነካካ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። አሠልጣኝ ካርድ ላይ የጻፈው ነገር ውሃ ላይ ሲሆን ሲያይ ሌላ ነገር ሁሉ ይረሳዋል።

ከዚያ ጋሽ ሰይፉን ፈለግኳቸው። ገና አልተነሡም፤ ግድግዳው ጋ እንደቆሙ ናቸው። የዋና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው፣ በገመዶቹ ላይ አሻግረው ሦስተኛውን ሌን ያያሉ። ጥሩብርሃን መጣ፣ ዞረ፣ ሄደ፤ መጣ፣ ዞረ፣ ሄደ። የጋሽ ሰይፉ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር። እየቆጠሩ ነው።

አራቱ ደቂቃ ሲያልቅ ጥሩብርሃን ግድግዳው ላይ ተደፍቶ በሳቅ ፈነዳ፤ ከደስታ ብዛት ውሃውን በጥፊ ይመታዋል። ቀና ሲል ከጋሽ ሰይፉ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ጋሽ ሰይፉ እጃቸውን ከውሃው አውጥተው፣ «ጎበዝ!» አሉት፣ ጮክ ብለው፣ መስሚያ ስለሌላቸው ድምፃቸውን አይለኩትም። ገንዳው ሙሉ ሰማው። ከዚያ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው መልሰው የቀረውን ሦስት ዙር ሁሉ ዋኙ። አንድ ሰከንድ ሳያጎድሉ። አልታየሽ ኋላቸው በሰሌዳዋ እየተንቦጫረቀች፣ እሳቸው ፊት ሆነው።

ማናጀሩ ሲወጣ «ብሪሊያንት» አለኝ፣ ግሩም ነው ማለቱ ነው። ረቡዕ ዕለት ሰዓቱ ለአንድ ዓመት መታደሱን ጽፎ ላከልን። የቡድኑ ዋትስአፕ በጭብጨባ ሥዕል ተሞላ። ጋሽ ሰይፉ ዋትስአፕ ስለማይጠቀሙ በስልክ ነገርኳቸው። «ተመስገን» አሉ፣ «በርቱ» አሉ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፣ ተሰነባበትን።

በሚቀጥለው እሑድ አልመጡም። ጉንፋን ነው አሉኝ። በቀጣዩም አልመጡም፣ ጉልበቴን ነው አሉኝ። በሦስተኛው ስልኩን አላነሱም። ጥሩብርሃን በየሳምንቱ ገና ፎጣውን ሳያስቀምጥ «ጋሼስ?» ይለኛል። ማክሰኞ ዕረፍት ነበረኝ፤ ብርቱካን ገዝቼ ባተርሲ ሄድኩ።

በሩን ሲከፍቱልኝ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፣ ጢማቸውን ተላጭተዋል። የትም የሚሄዱበት የለም፤ እንዲሁ ለብሰው ነው የተቀመጡት። ሻይ አፈሉልኝ፣ እኔ ልነሳ ብል አልሰማም አሉኝ። ሳሎኑ ንጹሕ ነው። የእትዬ እንግዳወርቅ ትልቅ ፎቶ ከወንበራቸው ትይዩ ተሰቅሏል። ስለ ብርዱ አወራን። ስለ ልጃቸው አወራን። ሻዩን ግማሽ ስናደርስ ጋሽ ሰይፉ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዳትዋሺኝ።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

«ያ ልጅ በአራት ደቂቃ አሥራ አንድ ጊዜ ሄደ። ቆጥሬዋለሁ። እኔ ብበረታ አምስት ነው። ከእኔ ኋላ ሲሆን ግን እሱም አምስት ነበር። ሁላችሁም አምስት ነበራችሁ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «እንዲያ ስታደርጉ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?»

ጥቂት ወር ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከዋሸሁም በኋላ አይተውት የመጡትን ነገር ከዓይናቸው ላይ አልፍቀውም።

«አራት ዓመት» አልኩ።

«ከእንግዳወርቅ አርባ ወዲህ።»

«አዎ።»

«ሁላችሁም ታውቁ ነበር?»

«ሁላችንም።»

«አልታየሽም?»

«አልታየሽም።»

«ማለክለካችሁስ? ድካማችሁስ?»

መልሴን ሳይጠብቁ ወደ ፎቶው ቀና አሉ።

«እሑድ እሑድ ከዚያ ስመለስ እዚህ እቀመጥና እነግራት ነበር» አሉ። «ዛሬም ልጆቹ አልቻሉኝም እላታለሁ። እነሱ ደክመው ሲያለከልኩ እኔ ገና ነኝ እላታለሁ። እሷ በሕይወት እያለች፣ አንተ ሰውዬ አርጅተሃል፣ ተው፣ ትለኝ ነበርና መልስ መስጠቴ ነው።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «አራት ዓመት ሙሉ ለሙት አስዋሻችሁኝ፣ ልጄ።»

አለቀስኩ። ስለወደድንዎት ነው ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት፤ እውነት ቢሆንም የሚጠቅማቸው ነገር አልመሰለኝም። ይቅርታ ጋሼ፣ ይቅርታ ጋሼ ብቻ አልኩ። እሳቸው ሶፍት አቀበሉኝ። «ምን አጠፋሽ? አክብራችሁኝ ነው» አሉኝ፣ ለእኔ አዝነው። ያ ይበልጥ አንጀቴን በላው።

«እሑድ ይምጡ፣ ጋሼ» አልኳቸው፣ አፍንጫዬን እየጠረግሁ። «ሰዓቱ እኮ የእርስዎ ነው። ለእርስዎ ብለን ነው ያተረፍነው።»

«የትኛው ሌን ልግባ?» አሉኝ።

በምፀት አልነበረም። አሠልጣኝ መሆኔን አክብረው፣ እንደ ተማሪ፣ የእውነት ጠየቁኝ። ሦስተኛ ብል እነጥሩብርሃን ዛሬም አያልፏቸውም፤ አሁን ግን እሳቸው ያውቃሉ። ሁለተኛ ብል ያው ነው። አንደኛ ብል እዚያው ካርዱ ፊት መልሼ ላቆማቸው ነው። ሰውን በአቅሙ ቦታ ማስያዝ ነው ያስተማሩኝ፣ ሰርተፊኬቱን የሰጡኝ ለዚያ ነው፤ ለኚህ ሰው ግን የምጽፍበት መስመር አጣሁ። ሰዓቱን አትርፌ ባለቤቱን አጣሁት።

ጋሽ ሰይፉ ተነሡና ብርጭቆዎቹን አነሡ። ኮቴን ስለብስ እስከ በሩ ሸኙኝ።

«ማወቄን ለልጆቹ እንዳትነግሪያቸው» አሉኝ፣ በሩን ይዘው። «ያፍራሉ። ያ ልጅ በተለይ ያፍራል፣ ሰብእና ያለው ልጅ ነው። ጉልበቱን አሞት ነው በያቸው።»

«እሺ፣ ጋሼ» አልኩ።

እሑድ ዕለት ጥሩብርሃን ፎጣውን ሳያስቀምጥ «ጋሼስ?» አለኝ። ጉልበታቸውን አሟቸው ነው አልኩት።